አሮጌው ቴሌስኮፕ ምን ጎደለው?

(ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለመምህራንና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ የፊቱ አግዳሚ ባዶ ነው። ፊት መቀመጥ መፍራት ከተማሪነት ጋር የሚቀር ይመስለኝ ነበር፤ መምህራኑም ከኋላ ቆማችኋል።

ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ነጭ ቱቦ ጃፓን የተሠራ ቴሌስኮፕ ነው። የፊቱ ሌንስ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የፎከስ ርቀቱ፣ ማለትም ከሌንሱ አንሥቶ ብርሃኑ ተሰብስቦ ምስል እስከሚሠራበት ያለው ርቀት፣ 900 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ካሉት ተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ካሜራ ከሚሸጥ ሰው ነው የገዛሁት። ሰውየው ሲያስረክበኝ «ለሳሎን ጌጥ ይሆንሃል» አለኝ። እስከ ዛሬ ሳሎን ውሎ አያውቅም።

የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ በየቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ አይቻለሁ። ምን ሆኖ ነው ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አይሠራም» ነው። አውጥታችሁ ስታዩት ግን ብዙውን ጊዜ ሌንሱ ደኅና ነው። ያስጠላው አጃቢው ነው። እግሩ ይወዛወዛል፣ አይፒሱ (ዓይን የሚቀርብበት ትንሹ ሌንስ) ርካሽ ነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ነው፣ ክረምቱም የራሱን አድርሷል። የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ስለዚህ አጃቢ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን እንዲህ እንደረዘመ ልንገራችሁ። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 የጁፒተርን አራት ጨረቃዎች ያየው ሁለት ሌንስ በተገጠመለት ቀጭን ቱቦ ነው። በዚያ ዘመን ትልቁ ጣጣ ቀለም ነበር። አንድ ነጠላ ሌንስ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ ቀረብ አድርጎ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ብሩህ ነገር ሁሉ ዳር ዳሩ ቀለም ይለብሳል። የተገኘው መላ የሌንሱን ጉብታ ቀንሶ ቱቦውን ማርዘም ነበር። የዳንዚጉ ሄቬሊየስ 45 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቴሌስኮፕ እስከ መሥራት ደረሰ። በረጅም ምሰሶ ላይ በገመድ እየሰቀሉ ነበር የሚያዩበት። ነፋስ ሲመጣ ምን ይውጣቸው እንደነበር እናንተው ገምቱ። ኒውተን ይኼ ነገር ተስፋ የለውም ብሎ ሌንሱን ተወና በመስታወት የሚሠራውን ቴሌስኮፕ ሠራ።

ተስፋ ግን ነበረው። በ1730ዎቹ ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ ክራውንና ፍሊንት የሚባሉ ሁለት ዓይነት ብርጭቆዎችን አጣመረ። አንዱ ያመጣውን ቀለም ሌላው ያጠፋዋል። ሰውየው ሙያው ሕግ ነበር፤ ሥራውን አልነገደበትም። እ.ኤ.አ. በ1758 ፓተንቱን ያወጣው ጆን ዶሎንድ ነው፤ ስሙንም ገንዘቡንም ያገኘው እሱ ሆነ። ቀጥሎ ጀርመናዊው ፍራውንሆፈር የሁለቱን ብርጭቆዎች አሠራር አሳመረው። እ.ኤ.አ. በ1846 በርሊን ላይ ኔፕቱን የተገኘችው በፍራውንሆፈር ዓይነት ቴሌስኮፕ ነው። በ1862 ደግሞ አሜሪካዊው አልቫን ግራሃም ክላርክ አዲስ ሌንስ ሲሞክር ሲሪየስ ጎን የተደበቀችውን ደብዛዛ ጓደኛ አየ። ሲሪየስ በጥርና በየካቲት ምሽት ከፍ ብላ የምታበራው ኮከብ ናት።

ይህች የእኔዋ የዚያ ዘር ናት። ፊቷ ላይ ያለው አንድ ሌንስ ሳይሆን ሁለት ነው። 900ን ለ60 ስታካፍሉት 15 ይመጣል። ለዚህ ስፋት 15 ማለት ረጅም ነው። በመርዘሙም ቀለሙ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉ አጫጭር ርካሽ ቴሌስኮፖች ጨረቃ ላይ ሐምራዊ ጠርዝ ያሳያሉ። ይህች አሮጊት አታሳይም።

አንድ ተማሪ ቅድም ውጭ ሳለን «ታዲያ ለምን ትልቁን በሌንስ አይሠሩትም?» ብሎኝ ነበር። ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1897 አሜሪካ ውስጥ የርክስ በሚባለው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የተተከለው ሌንስ 102 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ብዙም አልተገፋበትም። ሌንስ የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው። ሲተልቅ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። መስታወት ግን ከጀርባው መደገፍ ይቻላል። የእኛዎቹ የእንጦጦ ሁለት ቴሌስኮፖችም እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ባለ መስታወት ናቸው።

እንግዲህ ወደ አጃቢው። የአሮጌ ካርቶን ትልቁ ውሸት ማጉላት ነው። «500 እጥፍ ያጎላል» የሚል ታያላችሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የቴሌስኮፑን የፎከስ ርቀት ለአይፒሱ የፎከስ ርቀት ታካፍላላችሁ።  900 ለ25 ሲካፈል 36 እጥፍ ይሆናል። 900 ለ9 ደግሞ 100 እጥፍ። ሣጥኑ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር የሆነች አይፒስ ትኖራለች፤ እሷ 225 እጥፍ ትሰጣለች። እላይዋ ላይ የሚጨመር ሌላ ማብዣ ሌንስም አብሮ ይመጣል። የካርቶኑ ቁጥር የሚወጣው ከዚህ ነው።

የሚጠቅመው ማጉላት ግን የሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ተለክቶ ሁለት እጥፉ ነው። ለ60 ሚሊ ሜትር 120 መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የምታዩት ነገር ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ደግሞም ይጨልማል። አንድ ጭልፋ ሊጥ ትልቅ ምጣድ ላይ ብታዞሩት እንጀራው ይሳሳል እንጂ አይበዛም። እኔ አብዛኛውን ምሽት የማሳልፈው ከ36 እስከ 75 እጥፍ ባለው ነው። ያቺን 4 ሚሊ ሜትር አይፒስ ለልጆች መጫወቻ ስጧት። ብዙ ሰው ቴሌስኮፑን ጠልቶ ያስቀመጠው መጀመሪያ እሷን ገጥሞ ስላየባት ነው።

አይፒሶቹ ሌላም ነገር አላቸው። የድሮ ጃፓኖቹ 24.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ነው የሚጠቀሙት። የዛሬው መደበኛ 31.7 ነው። ስለዚህ ጥሩ አዲስ አይፒስ ብታገኙ አይገባላችሁም። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ከአሉሚኒየም ቀለበት አስቀርጹ። ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል የተነገረ ልክ አይሆንም። ከድሮዎቹ ውስጥ የማይጣሉ አሉ። ጎናቸው ላይ «ኬ» የሚል የፈረንጅ ፊደል ያለባቸው ደኅና ናቸው። «ኦር» የሚለውን ካገኛችሁ ለማንም አትስጡ፤ ጁፒተርን እንደሱ አጥርቶ የሚያሳይ በዚያ ሣጥን ውስጥ የለም።

አሁን እግሩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሌንሱ እኩል የሚቆጠረው እግሩ ነው። ማጉያው 75 እጥፍ ሲያጎላ መንቀጥቀጡንም 75 እጥፍ ነው የሚያጎላው። ፎከሱን ስትነኩ ሳተርን ከዓይናችሁ ዘላ ትሄዳለች። ስትመለስ ደግሞ እንግዳው ሰልችቶት ቡና ሊጠጣ ገብቷል። ፈተናው ይህ ነው፦ ቱቦውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ ከተርገበገበ እግሩ አይሆንም።

የድሮዎቹ እግር ብዙ ጊዜ እንጨት ነው። እንጨት ከቀጭን አሉሚኒየም ይሻላል፤ ንዝረቱን ይውጠዋል። ችግሩ ዓመት ሲቆይ እንጨቱ ይደርቅና ብሎኑ ይላላል። መጀመሪያ ብሎን አጥብቁ። ቀጥሎ እግሩን አሳጥራችሁ ዱካ ላይ ቁጭ ብላችሁ እዩ። በሦስቱ እግሮች መሐል ድንጋይ የሞላ ከረጢት አንጠልጥሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም። እግሩ ተሰብሮ ከሆነም አናጢ አለላችሁ። የእኔን አንድ እግር በዋንዛ አስለውጫለሁ። አናጢው ባሕር ዛፍ ይሻላል ብሎኝ ነበር፤ ይረክሳል። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ አጥር ላይ ያየነው ነው። ዋንዛው እስካሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የጎጃምን ሰው የሚገጥመው ችግር ደግሞ አለ። የተሻሉት አሮጌ ቴሌስኮፖች ከከባድ ማመዛዘኛ ጋር የተሠራ ኢኳቶሪያል መቆሚያ አላቸው። አንዱ ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ ከተቃጣ በኋላ አንዲት ብሎን በማዞር ብቻ ኮከቡን መከተል ይቻላል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን የተሠራው ለጃፓንና ለአውሮፓ ነው። በርሊን ላይ የሰሜን ኮከብ 52 ዲግሪ ከፍ ብላ ነው የምትታየው። ደብረ ማርቆስ ላይ 10 ዲግሪ ብቻ ናት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጭብጣችሁን ከአድማስ ላይ አስቀምጡ፤ ጭብጡ ካለቀበት ላይ ናት። እሷንም የጎረቤት ባሕር ዛፍ ይጋርዳታል። ብዙዎቹ መቆሚያዎች ደግሞ እስከዚህ ዝቅ አይሉም። ቢሉም ማመዛዘኛው ከእግሩ ጋር ይጋጫል።

በሰሜን በኩል ያለውን እግር በማሳጠር ዘንጉን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይሠራል፤ ግን ቴሌስኮፑ ወደዚያው ያዘነብላል፤ በጨለማ አንድ ልጅ ቢደናቀፍበት አበቃ። ስለዚህ እኔ የምመክረው ቀላሉን መቆሚያ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረውን። ኮከቡ ሲሸሽ በእጅ ትከተሉታላችሁ። ሰማዩን የምታውቁትም እንዲያ ነው።

የኬክሮሳችን ጥቅም ግን ከችግሩ ይበልጣል። ፕላኔቶች እዚህ ከአናት በላይ ነው የሚያልፉት። ብርሃናቸው በቀጭኑ አየር ብቻ ስለሚያልፍ ምስሉ የረጋ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ለማየት አንገት እንዳይሰበር 90 ዲግሪ የሚያጥፈውን ትንሽ መስታወት ግጠሙ። ከዚያ ደግሞ ሁለቱንም ሰማይ እናያለን። ይህን ዓይነት ቴሌስኮፕ የሠሩት ጀርመኖች የደቡብ መስቀል የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ ከደጃቸው አይተው አያውቁም። እኛ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ዞር ብንል ከአድማስ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ቆማለች። የታችኛዋ ብሩህ ኮከብ በ75 እጥፍ ሁለት ትሆናለች። አጠገቧ ያለችው አልፋ ሴንታውሪም እንደዚሁ ሁለት ናት። ለ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለቱም አያስቸግሩም። ነገሩን ካነሳሁት አይቀር፣ በመስከረም መስቀልን ስናከብር ይህኛው መስቀል አይታይም፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ያለችው በሱ አቅጣጫ ነው፣ አብሯት ይጠልቃል።

ጨረቃን ስታሳዩ በሙሉዋ ቀን አታሳዩ። ሰው ሁሉ የሚመጣው ሙሉ ስትሆን ነው፤ ያኔ ጥላ የለም፣ ወለሏ ዝርግ ይመስላል። በሰባተኛው ስምንተኛው ቀን አካባቢ ብርሃንና ጨለማ የሚገናኙበትን መስመር ተከትላችሁ እዩ። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ጠርዝ ጥላውን ጥሎ ታገኙታላችሁ። ቀኑን ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም። እዚህ አገር ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሞልቷል። አንድ ምሽት ጎረቤት ያሉ የኔታን «አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ» ብዬ አስቀርቤ ነበር። ከማየታቸው በፊት የጨረቃዋን ሌሊት ቆጥረው ነገሩኝ። ካዩ በኋላ ብዙ ዝም አሉና «ለምን ተገለበጠች?» አሉኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የዚህ ዓይነት ቴሌስኮፕ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው። የሚያቃናው ሌላ ሌንስ ቢጨመር ብርሃን ይቀንሳል። ለሰማይ ደግሞ ላይና ታች የለውም። የኔታም በዚህኛው ተስማሙ፤ ከሳቸው ጋር የመጡት ደቀ መዝሙር ግን አልተስማሙም። እንዲያውም ክርክሩ ከዋክብቱን አስጥሎን ሄደ።

ሳተርንን ለብቻዋ አስቀምጧት። ቀለበቷን ጋሊሌዮ ምን እንደሆነ ሳይረዳው ነው የሞተው። የቱቦው አቅም አልደረሰም። ይህች በ50 እጥፍ በግልጽ ታሳያችኋለች። ቀለበቱ ግን በየ15 ዓመቱ ገደማ ወደ እኛ በጠርዙ ይዞርና ክር ያክላል። እ.ኤ.አ. በ2025 እንዲያ ሆኖ ነበር፤ አሁን እየሰፋ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር እኔ ቱቦዬን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከመውጣቴ በፊት ግን የማድ ቤት ጭስ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እራት እየተሠራ ባለበት ሰዓት በጎረቤት ጣሪያ ላይ አሻግራችሁ ብታዩ ኮከቡ ይፈላል። ደግሞ ከቤት የወጣ ሌንስ ብርዱን እስኪለምድ 20 ደቂቃ ያህል ስጡት። የጮቄ ነፋስ በወረደበት ምሽት ረጅም ቱቦ አይሆንም፤ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ክረምቱን አትናቁት። ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማይ የለንም፤ ያ ይቅር። ጉዳቱ ሌላ ነው። በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ በተለይ ውስጡ ጨርቅ የለበሰ ከሆነ፣ እርጥበት ይታቆራል። ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። የሸረሪት ድር ይመስላል። ከቆየ ብርጭቆውን ይበላል፤ ያን ጊዜ ማጽዳት አይመልሰውም። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጡትን እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አትጣሉ፤ ሰብስቡና ሣጥኑ ውስጥ አስገቡ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሣጥኑን ከፍታችሁ አናፍሱት። ቱቦውን ራሱን ግን ፀሐይ ላይ አትተዉት።

አሮጌ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ካሰባችሁም መጀመሪያ የምታዩት ይህንኑ ነው። የፊቱን ሌንስ በጎን በኩል ባትሪ አብሩበት። አቧራ ቢኖር ግድ የለም። አንድ ሁለት ጭረትም ምንም አይደለም። ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ዋጋ አስቀንሱ፤ ከበዛ ተዉት። ከዚያ ራቅ ያለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ አነጣጥሩ። የመስቀሉ ጠርዝ ስል ሆኖ ከታየ ሌንሱ ጤነኛ ነው። በሌሊት ማየት ከቻላችሁ ብሩህ ኮከብ ላይ ፎከሱን አጥፉት። የሚታዩት ቀለበቶች ክብ መሆን አለባቸው፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ ሌንሱ ተዛንፏል።

ፎከሱ አልዞር ቢል ግሪሱ ደርቆ ነው። በነጭ ጋዝ ታጥቦ አዲስ ግሪስ ሲቀባ ይለቃል። ጋዙ ወደ ሌንሱ እንዳይደርስ አይፒሱንም የፊቱንም ሌንስ አስቀድማችሁ ከቱቦው ለዩ። ስትለዩት ሌንሱን ከነመያዣው ነው፤ መያዣውን ራሱን አትፍቱ። በሁለቱ ብርጭቆዎች መሐል ሦስት ቁርጥራጭ ስስ ቆርቆሮ አለች። ቦታዋን ከሳተች፣ ወይም አንደኛው ብርጭቆ ተገልብጦ ከገባ፣ ቴሌስኮፑ ያን ጊዜ በእውነት አይሠራም።

ስለ ፀሐይ ሳልናገር አልወርድም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስትሆን እዚህም ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ነበር። አሮጌ ሣጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ «ፀሐይ» የሚል የተጻፈባት ጥቁር መስታወት ትኖራለች። አይፒስ ላይ ነው የምትገጠመው። ሌንሱ የሰበሰበው ሙቀት በሙሉ እሷ ላይ ያርፋል። ድንገት ልትሰነጠቅ ትችላለች። ዓይናችሁ በዚያች ቅጽበት እዚያው ነው ያለው። ዛሬ ማታ ቤት እንደገባችሁ ሰባብራችሁ ጣሏት። ለማንም አትስጧት፣ ለትዝታም አታስቀምጧት።

ፀሐይን በወረቀት እናያለን። ሳታዩበት፣ ጥላውን እየተመለከታችሁ ቱቦውን ወደ ፀሐይ አዙሩ። የቱቦው ጥላ ሲያጥር አነጣጥሯል ማለት ነው። ከአይፒሱ ጀርባ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት ያዙ። ክቡ ይታያል፤ ነጠብጣቦቿም ይታያሉ። ለዚህ ሥራ «ኤች» የተጻፈበትን ተራ አይፒስ ተጠቀሙ፤ ሌንሶቹ በሙጫ አልተጣበቁም፣ ሙቀቱን ይችላሉ። ጎን ላይ ያለችውን ትንሿን ማነጣጠሪያ መነጽር ክደኑ። ልጅ ካለ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰው ከቱቦው አይለይ።

ከኋላ እጅ ያነሱት መምህር፣ ይቅርታ፣ አስጠበቅሁዎት። የትምህርት ቤታችሁ ቴሌስኮፕ አይፒሶቹ ጠፍተዋል ነው ያሉት? ሌንሱ ካለ ብዙ ነው። የቀዳዳውን ስፋት በካሊፐር ይለኩልኝና ነገ ጠዋት ቶርኖ ቤቱ በር ላይ እንገናኝ።